አጎቴ ግድግዳ ላይ፦ አምስት ቀን በመሀል አዲስ አበባ

ማክሰኞ

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። የመኪናውን መንገድ ነገር እናንተም ታውቁታላችሁ፤ አላነሳውም። የቲኬቱን ዋጋ ሳስበው ግን ሆድ ይብሰኛል። የመጣሁት ገንዘብ ልቀበል ነዋ፤ ላወጣ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዘጌ ልጅ ነኝ። ጣና ላይ ከወንድሜ ጋር የምንጋራት አንዲት የሞተር ጀልባ አለችን። እሱ ይነዳል፣ እኔ አስጎበኛለሁ። በጥምቀት ሰሞን አዲስ አበባ ያለ አንድ አስጎብኚ ድርጅት ሁለት ቡድን ላከልን። ተቀበልን፣ ገዳማቱን አዞርን፣ በሰላም መለስን። ሒሳቡ 38 ሺህ ብር ነው። «በባንክ እናስገባለን» አሉ። ጥምቀት አለፈ፤ አላስገቡም። ስደውል «እሺ የኔ ወንድም» ይሉኛል። ወንድምነቱ ባልከፋ፤ ቤንዚን ማደያ ግን አይሠራም። ስለዚህ ተነሳሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፒያሳ ነበርኩ። ድሮ አዲስ አበባ ስመጣ የማድረው ዶሮ ማነቂያ ነበር። አልጋዋ የሚንቋቋ፣ ባለቤቷ ግን ጠዋት ጠዋት ሻይ በነጻ የምትሰጥ አንዲት ፔንሲዮን ነበረች። አሁን ፔንሲዮኗም ሰፈሩም የሉም። በ2016 ለኮሪደር ልማቱ ፈርሰዋል። ሰው ሲያወራ ሰምቻለሁ፤ ቆሞ ማየት ግን ሌላ ነው። አቅጣጫ ጠፋብኝ። በሚያውቁት ሰፈር እንደ መጥፋት የሚያሳፍር ነገር የለም። እንደ ማንኛውም እንግዳ የጊዮርጊስን ጉልላት ፈልጌ ከዚያ ተነስቼ ቆጠርኩ። አልጋ ከራስ መኮንን ድልድይ ወዲህ አገኘሁ።

ማታ በዓድዋ ድል መታሰቢያ በኩል ወክ አደረግሁ። በየካቲት 2016 ሲመረቅ በቴሌቪዥን ነው ያየሁት። በአካል ይገዝፋል። መብራቱ ሲበራ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ስልኩን አወጣ። ጥንዶች፣ ባለ ጋሪ ሕፃናት፣ ከክፍለ ሀገር የመጡ ሽማግሌዎች፤ ሁሉም ፎቶ ይነሳል። እኔም ተነሳሁ።

መብራቱ የማይደርስበት ጥግ ላይ አንዲት እናት ቆሎ ይዘው ተቀምጠዋል። የ20 ብር ገዛሁ። ቦታው ያምራል አልኳቸው፤ ለወሬ ያህል።

«ለሚያይ ሰው ያምራል» አሉኝ ቆሎውን እየሰፈሩ። «ቤቴ እዚሁ ነበር። ኮንዶሚኒየም ተሰጠኝ፤ እውነት ለመናገር ቤቱ ጥሩ ነው፣ ውሃም አለው። ግን ደንበኞቼ እዚህ ናቸው። በሁለት ታክሲ እየመጣሁ እሸጣለሁ። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ እነሳለሁ፣ ሲሄድ እቀመጣለሁ።»

ለሚያይ ሰው ያምራል። ይህቺን አነጋገር ከእኛም ሰፈር አውቃታለሁ። አልጋዬ ላይ ሆኜ ማን እንዳላት ለማስታወስ ሞከርኩ። ቆሎው ሳያልቅ ተኛሁ።

ረቡዕ

ቢሮው ከስታዲየም ፈንጠር ብሎ ያለ ፎቅ ላይ ነው፤ አራተኛ። ሊፍቱ ላይ «ጥገና ላይ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱ ራሱ ጥገና ያስፈልገዋል፤ ቢጫ ሆኗል። በእግሬ ወጣሁ።

ጸሐፊዋ ትሁት ናት። «ይቀመጡ፤ ሒሳብ ክፍሏ እየመጣች ነው» አለችኝ። ተቀመጥኩ። ቀና ስል አጎቴን አየሁት።

ግድግዳውን ግማሽ የሚያህል ፎቶ ነው። ንጋት ላይ፣ ጣና ጉም ለብሶ። መሀሉ ላይ አንዲት ታንኳ አለች። ታንኳዋ ላይ ጋቢ የተከናነበ፣ የቀርከሃ መቅዘፊያ የያዘ ሽማግሌ ተቀምጧል። ፊቱ ወደ ጎን ነው። መጀመሪያ ያወቅሁት በቆቡ ነው። አረንጓዴ የሱፍ ቆብ፤ ከባሕር ዳር የቅዳሜ ገበያ እኔ ራሴ የገዛሁለት። ከዚያ አገጩን አየሁ፣ ከዚያ አቀማመጡን። ሌላ ሰው ሊሆን አይችልም።

ከሥሩ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ወደ አማርኛ ሲመለስ «ጊዜ የቆመበት ሐይቅ» እንደ ማለት ነው። ጊዜ ቆሞበታል የተባለው ሰውዬ ቴሌብር ይጠቀማል። ሁለት ሲም አለው። አርሰናል የሚጫወት ቀን ታንኳውን በጊዜ ያስጠጋል።

«ይሄን ሰውዬ ታውቂያቸዋለሽ?» አልኳት ጸሐፊዋን።

«የጣና ዓሣ አጥማጅ ናቸው መሰለኝ።»

«አጎቴ ነው።»

ሳቀች። «ከባሕር ዳር የሚመጣ ሰው ሁሉ እንደዚህ ይላል» አለችኝ። ማን እንዳለ አልጠየቅኋትም። ሒሳብ ክፍሏ ስድስት ሰዓት ድረስ አልመጣችም። ነገ ና ተባልኩ።

ምሳ ዓሣ ቤት ገባሁ። ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሚያውቁት ትቻለሁ። (እናቴ ይህን እንዳታነብብኝ።) እኛ ጋ ዓሣ ከታንኳ በቀጥታ ወደ ድስት ነው። እዚህ ሜኑው ላይ ለብለብ፣ ጉላሽ፣ ዱለት፣ ኮተሌት ተደርድሯል። ቆሮሶ ጥብስ አዘዝኩና ከየት እንደመጣ ጠየቅሁ።

«ከባቱ» አለኝ አስተናጋጁ። ዝዋይን ማለቱ ነው። የዚያው ልጅ ሆኖ ተገኘ። ሰዓቱ አልፎ ቤቱ ጭር ብሎ ስለነበር ፊት ለፊቴ ተቀመጠና ስለ ሐይቅ አወራን። ሁለት የሐይቅ ዳር ልጆች አዲስ አበባ መሀል ተገናኝተን ስለ ውሃ እናወራለን፤ ያስቃል።

እንግዳ ሲመጣ እናንተ ጋ ሰዉ ምን ይላል? አልኩት። ቶሎ አልመለሰም። ወንድሙ ላንጋኖ አንድ ሆቴል ውስጥ አትክልተኛ ነው። ቅዳሜና እሑድ የአዲስ አበባ መኪና ይሰለፋል፤ የወንድሙ ደሞዝ ከዚያ ነው የሚወጣው። «ስለዚህ ባማርር ውሸቴን ነው» አለ። «ግን አንድ ነገር አለ። ልጅ ሆነን ከብት የምናጠጣበት የሐይቅ ዳር ነበረን። አሁን አጥር ነው። ከብቱም እኛም በዙሪያ ነው የምንሄደው። ባለፈው ለፋሲካ ስሄድ ውሃውን ያየሁት በቆርቆሮ ቀዳዳ ነው። በገዛ ሀገሬ በቀዳዳ አጮልቄ! ዘበኛው ደግሞ የሰፈራችን ልጅ ነው። ‹በቃህ፣ አለቃዬ ይመጣል› አለኝ።»

ይህ እኛም ጋ አለ። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገል ደግሞ የሚበቅለው ሐይቁ ጠርዝ ላይ፣ ረግረጉ ላይ ነው። ጠርዙ ሲታረስ፣ ሲታጠር፣ ሲገነባበት ደንገሉ ይሄዳል። በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ደግሞ ከ2004 ጀምሮ እምቦጩ አለ። በታንኳ ሥራ ወይጦዎችን የሚያህል የለም፤ ዕድሜ ልካቸውን ከውሃው ጋር የኖሩ ሰዎች ናቸው። የሐይቅ ዳር መሬት ዋጋ ማውጣት ሲጀምር ግን ቀድመው ገለል በል የተባሉት እነሱ ናቸው። እንግዳው ታንኳ ሊያይ ነው የሚመጣው። ካደረበት ሆቴል አንዳንዱ የቆመው ደንገሉ የነበረበት ላይ ነው። ይህን ለእንግዳ ተናግሬ አላውቅም። ለምን እናገራለሁ? ደስ ብሎት ነው የመጣው።

ዓሣው ጥሩ ነበር። እንደ እኛ ግን አይሆንም።

ሐሙስ

ሒሳብ ክፍሏ ለቅሶ ሄዳለች። ለቅሶ ላይ ምን ይባላል? እግዜር ያጥናቸው ብዬ ወጣሁ።

ቀኑን በከንቱ ከማሳልፍ አልኩና አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ሄድኩ። ድንቅነሽን አየሁ። በ1967 ኅዳር ሐዳር የተገኘችው፣ የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ። መስታወት ውስጥ ያለችው ቅጂዋ ናት፤ ዋናዋ አጥንት ለብቻ ተቆልፋ ትቀመጣለች። አጠገቤ የቆመ ተማሪ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ለምን ያስከፍሉናል?» አለ። መምህሩ ጆሮውን ያዘው።

ከዚያ ወደ ስድስት ኪሎ ወጣሁ። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው ሙዚየም የድሮው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ የጃንሆይ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት ሳይቀር አለ። እዚያ የሆነብኝን ልንገራችሁ። ከአንድ ቡድን ጋር ተደርቤ ገባሁ። አስጎብኚው ጎበዝ ልጅ ነው፤ ቋንቋው፣ ቀልዱ፣ ሁሉም ልክ። ከበሮና መሰንቆው ጋ ስንደርስ ቆምኩ። አያቴ ቤት የነበረች የምትመስል በገና አየሁና ጠጋ አልኩ። ገመዱን፣ የቆዳውን ስፌት እያየሁ ሳለ ከኋላዬ ድምፅ መጣ።

«ወዳጄ፣ 15 ደቂቃ ነው የቀረን።»

ደነገጥኩ። የደነገጥኩት ስለተቆጣኝ አይደለም፤ በጣም በትሕትና ነው ያለኝ። የእኔ ድምፅ ስለመሰለኝ ነው።

ዘጌ መጥታችሁ የማታውቁ ካላችሁ፦ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከጀልባ ወርዳችሁ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የምትወጡበት የእግር መንገድ አለ፤ ጫካ ውስጥ ለውስጥ፣ ግራ ቀኙ ቡና። ዘጌ በሬ አይጠመድም። አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ቢተክሉት ቡና፣ ሎሚና ጌሾ ሆኖ በቀለ፤ አትረሱ፣ በዚህ ትኖራላችሁ አሉን፤ እንዲህ ሲባል ነው ያደግነው። ይህን ታሪክ ለእንግዳ በአራት ደቂቃ እነግራለሁ። በስተርጅና ወደ ሦስት ሳላወርደው አልቀርም።

በዚያ መንገድ ዳር መስቀል፣ ስዕል፣ ትንንሽ ታንኳ የሚሸጡ ሴቶች ተደርድረዋል። እናቴ ዕቃ አትሸጥም። ከትልቅ ዛፍ ሥር ረከቦት ዘርግታ ቡና ታፈላለች። የራሷ ቡና ነው፤ ከጓሮ ለቅማ፣ አድርቃ፣ ወቅጣ። እንግዶቼ ሲደርሱ ቆሎውም ቡናውም ምጣድ ላይ ነው። ጭሱ ይወጣል። ሁሉም «ኦ!» ይላሉ። ሁሉም ያነሷታል። በርከክ ብለው፣ ከጎን፣ ከጭሱ ጋር፣ ያለ ጭሱ። ከዚያ እኔ «15 ደቂቃ ነው ያለን» እላለሁ። ይሄዳሉ።

ምክንያት አለኝ። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሳል፤ ማዕበሉ ለትንሽ ጀልባ አይመችም። ጠዋት ሳንጨርስ እንጦስ እየሱስ ገዳምን ነካ አድርገን መመለስ አለብን። ፕሮግራሙም ከአዲስ አበባ በወረቀት ተጽፎ ነው የሚመጣው፦ ከ3 እስከ 4፣ ከ4 ተኩል እስከ 5። ቡና የሚባል ነገር ወረቀቱ ላይ የለም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይቅርና ግማሽ ስኒ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም።

አንድ ማታ እናቴ እራት እያቀረበች «እንግዶችህን ምን በደልኳቸው?» አለችኝ።

«ምን ሆኑ?»

«አሽትተው ይሄዳሉ። ሰው ቤት ደርሶ፣ አቦል ፈልቶ፣ ቁጭ ሳይሉ። እኛ ሀገር እንዲህ የሚያደርግ የተጣላ ሰው ነው።»

ገንዘቡ አይደለም ነገሯ። የቡናውን 20 ብር እኔ ከኪሴ ልሰጣት ሞክሬ አውቃለሁ፤ ወርውራ መለሰችልኝ። ለሚያይ ሰው ያምራል ያለችውም እሷ ናት። ሙዚየሙ ደረጃ ላይ ሆኜ ትዝ አለኝ። ባለፈው ዓመት አንዷ እንግዳ «እንዴት ውብ ቦታ ላይ ትኖሪያለሽ» ስትላት ነው የመለሰችው። እኔ ስተረጉም «አመሰግናለሁ ብላለች» ነበር ያልኩት።

ወደ አራት ኪሎ ስወርድ አንድ ወጣት ከጎኔ ተራመደ። ባርኔጣዬ ሰፊ ነው፣ ሰንደል ጫማዬ የመንገደኛ ነው፣ ካሜራ አንግቻለሁ። «ሄሎ ማይ ፍሬንድ! ዌር ፍሮም?» አለኝ።

«ጎጃም» አልኩት።

ሳቅ ብሎ አልለቀቀኝም። ተማሪ እንደሆነ፣ ዛሬ ብቻ የሚደረግ የባህል ዝግጅት እንዳለ፣ በአጋጣሚ መንገዱ እንደሆነ ነገረኝ። ዛሬ ብቻ! እኔም «መነኩሴው የድሮውን መጽሐፍ የሚከፍቱት ዛሬ ብቻ ነው» ብዬ አውቃለሁ። ሙያውን ለሙያተኛ። ሻይ ጋበዝኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ ተማሪ ነኝ እያለ እንደኖረ አመነልኝ። ቱሪስት ከጠፋ ምን ትሠራለህ? አልኩት። «እንደ አንተ ዓይነት አገኛለሁ» አለኝ። ሻዩን እኔ ከፈልኩ፤ በግልጽ ተሸንፌያለሁ።

ዓርብ

ሒሳብ ክፍሏ መጥታለች፤ ፈራሚው የለም። ከሰዓት ደውል።

ከፖስታ ቤቱ ከፍ ብለው ካሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች አንዱ ገባሁ። መደርደሪያው ላይ መዳፍ የምታህል ታንኳ አለች። አነሳኋት። ባለ ሱቁ ፈጠን ብሎ መጣ፤ «ኦሪጅናል የጣና ነው። ከፓፒረስ ነው። ገዳም ውስጥ መነኩሴዎች ናቸው የሚሠሩት። 1,500።»

አፍንጫዬ ሥር አደረግኋት። ደረቅ ደንገል ሽታ አለው፤ ረግረግ ረግረግ ይላል፣ ከዓመትም በኋላ አይለቅም። ይህቺ ሣር ሣር ነው የምትለው።

«ሰንበሌጥ ነው» አልኩት።

አየኝ። «ከየት ነህ?»

«ከዘጌ።»

ታንኳዋን ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰደና ወደ ቦታዋ መለሳት። «ለአንተ 300» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን። የደንገሉን ከባሕር ዳር የሚያመጣለት ሰው ነበረ፤ መንገዱ ሲበላሽ ቀረ። እሱም ሱቁን ሊዘጋ ትንሽ ነው የቀረው። በኮሮና ጊዜ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ዕቃ አልሸጠም። ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ ትንሽ ቀና ሲል ደግሞ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ የአማራ ክልል ሆነ። ዕድሜዬን ሙሉ እነዚህን የቸርችል ሱቆች የእኛን ዕቃ ርካሽ ገዝተው ውድ የሚሸጡ ሌቦች እያልኩ ነው የኖርኩት። ፊት ለፊት ስታየው ሰው ነው። ውድ ይሸጣል ግን።

አሥር ሰዓት ላይ ቶሞካ ከአንድ ሾፌር ጋር ተቀጣጠርኩ። ከ20 ዓመት በላይ ላንድክሩዘር ይዞ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ የተመላለሰ ሰው ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። ቶሞካ ቡና የሚጠጣው ቆሞ ነው። ከ70 ዓመት በላይ ሰው እንዲህ ቆሞ ይጠጣበታል። እናቴ ብታይ ቤት የተቃጠለ ይመስላታል።

ለጋሼ የ38 ሺውን ነገር አጫወትኩት። አዘነልኝ፤ ግን አላቆመም።

«እናንተስ?» አለኝ። «የሐይቅ ሰዎች ተበደልን ተበደልን ትላላችሁ። እኔ እንግዳ ይዤ እመጣለሁ። ጀልባ ይከፍላል። ገዳም መግቢያ ይከፍላል። አስጎብኚ ይከፍላል። ቪዲዮ ካሜራ ከያዘ ሌላ። ጫማውን ሲያወልቅ ጫማ ጠባቂ ነኝ የሚል ይመጣል። ሲወጣ ሕፃናቱ ‹ሃይላንድ! ሃይላንድ!› እያሉ ባዶ የውሃ ጠርሙስ ይለምኑታል። አንድ ጀርመናዊ ‹አየሩስ ስንት ነው?› ብሎኛል።»

እውነቱን ነው። ለሁሉም በየበሩ ከፍሎ፣ የቤቱን ባለቤት ግን ሳያገኝ የሚመለስ እንግዳ ብዙ ነው። ቢሆንም ቆጠርን። እንግዳው ሀገሩ ላለ ወኪል ይከፍላል። ወኪሉ ለአዲስ አበባ ይልካል። አዲስ አበባ ሆቴሉን፣ መኪናውን፣ ሾፌሩን ይከፍላል። ከዚያ ከተረፈው ጀልባ። ጋሼ በናፕኪን ላይ ሲጽፈው ጀልባችን ከታች ወደ ላይ ሁለተኛ ናት። ከእኛ ሥር ያለችው እናቴ ናት፤ ቁጥር የላትም።

ስለ ወንጪም አነሳልኝ። ሐይቁ ከአዲስ አበባ በቀን ደርሶ መልስ ስለሆነ ብዙ ይሠራበታል። ድሮ መኪናውን ከላይ አቁሞ እንግዶቹ በፈረስ ነበር የሚወርዱት፤ የአካባቢው ሰው ተደራጅቶ፣ ፈረሱ በተራ። በ2014 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መረጠው። ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር በገበታ ለሀገርም ተካተተ፤ አንድ ማዕድ በ10 ሚሊዮን ብር የተሸጠበት ያ እራት ማለት ነው። አስፋልት ገባ፣ ሎጅ ተሠራ።

«መንገዱ ለእኔ ገነት ነው» አለ ጋሼ። «ጎማ ማዳን ብቻ ምን ያህል ነው መሰለህ። ሰዉም ቢሆን በሽተኛ ይዞ የሚወጣበት አገኘ፤ ይሄን ይመርቃሉ። ግን አንድ የማውቀው ፈረሰኛ ልጅ አለ። መኪናዬን ቸብ ቸብ አደረገና ‹ጋሼ፣ ይቺ ፈረሴን በላችው› አለኝ። አልተቆጣም እኮ። እየሳቀ ነው። ምን ልበለው?»

ቡናው አለቀ። ቆሞ የተጠጣ ቡና ቶሎ ያልቃል።

ቅዳሜ

በሦስት ሰዓት ደረስኩ። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው፤ እንቢ ካሉኝ በር ላይ ልተኛ ወስኛለሁ። ፈራሚው ነበር። 20 ሺው ዛሬ፣ 18ቱ በሚቀጥለው ሳምንት። የባንኩ መልእክት ስልኬ ላይ እስኪገባ ከወንበሩ አልተነሳሁም። ፕሮግራሙ ላይ አንድ ሰዓት ጨምሩልኝ አልኩት ፈራሚውን። ለምን? አለኝ። ለቡና። ከቀልድ ቆጥሮት «ቡናውን ጀልባ ላይ አድርጉት» አለኝ። ለሚቀጥለው ቡድን ግን እኔ ራሴ እጨምረዋለሁ። እንጦስ ይቀራል። ወንድሜ ይጮህብኛል፤ ይጩህ።

ስወጣ ጸሐፊዋ የፎቶውን ነገር ጠየቀችኝ። «እውነት አጎትህ ናቸው?» ስልኬን ከፍቼ የፋሲካ ፎቶ አሳየኋት፤ ያው ቆብ፣ ያው አገጭ፣ ጠላ ይዞ። አፏን በእጇ ያዘች። ፎቶውን ከአንድ ፈረንጅ ፎቶ አንሺ ነው የገዙት። ስንት እንደሆነ አታውቅም፤ ብታውቅም ጥሩ ነው ያልነገረችኝ። ኮምፒውተሯ ላይ ፈልጋ በቢሮው ማተሚያ በወረቀት አወጣችልኝ። ቀለሙ ስላለቀ ጣና ጥቁርና ነጭ ሆነ። በቴሌግራምም ላከችልኝ። «ሰላም በልልኝ» አለች።

ለአጎቴ ወዲያው ላክሁለት። ደረጃውን እየወረድኩ ሳለ ደወለ።

«የት ነው ይሄ?»

«አዲስ አበባ። ትልቅ ቢሮ ውስጥ። ግድግዳ ሞልተሃል።»

ዝም አለ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ ሳይጠይቁኝ፣ ሳይነግሩኝ ይላል ብዬ። ምናልባት ድርሻዬስ ይላል ብዬ። መልስ እያዘጋጀሁ ነበር።

«ይህቺን ታንኳ ለምን አነሷት?» አለ።

«ምን ሆነች?»

«አታያትም እንዴ? ኋላዋ ሰምጧል። ውሃ የጠጣች ናት። በማግሥቱ አውጥቼ ላሰጣት ነበር። አዲሷን እኮ ያኔ ጨርሻለሁ፤ ደጅ ላይ ነበረች። ቢነግሩኝ በእሷ አልወጣም ነበር?»

ነገ ስመጣ እናወራለን አልኩት። ሊዘጋው ብሎ ተመለሰ።

«ቆቡ ግን ደኅና ነው» አለኝ።